ኮምፒውተሩ የለመደው ማንን ነው?

አንድ ሰው ፒክአፑን ቲዩን አስደርጎ፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀይሮ፣ ከጋራዥ ሲወጣ ብዙ ጊዜ አንድ ምክር ይሰጠዋል፦ «በመጀመሪያው ቀን አትፍረድበት። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዳው፣ ኮምፒውተሩ ይለምድሃል።» እውነትም ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናው ይለወጣል። የማርሽ ቅያሪው ይለሰልሳል፣ ሚኒሞው ይረጋጋል። አንዳንዴ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ጉልበት ቀስ በቀስ የጠፋ ይመስላል። ባለቤቱም «ለመደኝ» ወይም «ጠላኝ» ይላል።

«መልመድ» ደስ የምትል ቃል ናት። ፈረስ ጋላቢውን ይለምዳል፣ ውሻ ጌታውን ይለምዳል። ሞተር ውስጥ ያለው ኮምፒውተርም ይማራል፤ እሱ ውሸት አይደለም። ግን ምን እንደሚማር፣ መማር የጀመረው ለምን እንደሆነና በማን ትእዛዝ እንደሆነ ሲታይ ታሪኩ ከባለቤቱ ግምት ይለያል። ነገሩ የተጀመረው ለሹፌሩ ምቾት ተብሎ ሳይሆን በአንድ ከተማ ሰዎች ዓይን ስለተቃጠለ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካቻቢቴ የያዘው ኮምፒውተር

ከኮምፒውተሩ በፊትም ሞተር «ይማር» ነበር፤ የሚማርለት ግን መካኒኩ ነው። ካርቡሬተር አየርና ነዳጅን የሚደባልቀው በቀዳዳዎች ስፋትና በብሎኖች ነው። የተሰራለትን መጠን ይሰጣል፣ ውጤቱን አያይም። ጭሱ ጠቆረ፣ ካንዴላው ጥላሸት ያዘ፣ ሚኒሞው ተንቀጠቀጠ፤ ይህን ሁሉ የሚያየውና የሚሰማው ሰው ነው። መካኒኩ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ያስጠጋል፣ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያዞራል፣ እንደገና ይሰማል። ኢንጂነሮች «ፊድባክ» የሚሉት ነገር በሰውዬው ጆሮና ጣት መካከል ነበር።

ችግሩ መካኒኩ መኪናው ላይ አብሮ አይሄድም። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባን የጭነት መኪና አስቡ። ጅቡቲ ባሕር ጠለል ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የድሮ ናፍጣ ፖምፓ ይህን ሁሉ አያውቅም። ታች በተስተካከለለት መጠን ናፍጣ ይረጫል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን ሳስቷል። ዳገት የሚወጣ አሮጌ መኪና የሚተፋው ጥቁር ጭስ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው፦ አየር አጥቶ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ።

ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህ እንደ ችግር አልተቆጠረም። መኪናው ከሄደ በቂ ነበር።

ሎስ አንጀለስ

በጁላይ 1943 ሎስ አንጀለስን አንድ የሚያቃጥል ጉም ሸፈናት። ዓይን ያነባል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። ጦርነቱ የተፋፋመበት ጊዜ ስለነበር የኬሚካል ጥቃት የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ጥቃቱ ግን ከራሳቸው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካልቴክ የሚሰራው ኔዘርላንዳዊ ተወላጅ ኬሚስት አሪ ሀገን-ስሚት ነገሩን ፈታው፦ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ኦዞንና ሌሎች የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይፈጥራሉ። የሁለቱም ዋና ምንጭ መኪና ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ክርክር በ1970 ወደ ሕግ ተለወጠ። የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ከአዳዲስ መኪኖች የሚወጣው ብክለት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ያን ጊዜ ይህን የሚያደርግ ዝግጁ ቴክኖሎጂ አልነበረም። ሕጉ ቀድሞ ወጣ፣ መሣሪያው ተከትሎት መጣ።

መሣሪያው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው፤ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገባ፣ በፕላቲነምና በመሰል ውድ ብረቶች የተቀባ ማጣሪያ። ሦስት ዓይነት መርዞችን በአንድ ላይ ማክሸፍ የሚችለው ዓይነት ግን አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አለው። የቤንዚን ሞተሩ ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር መስጠት አለበት። ትንሽ ነዳጅ ከበዛ አንዱ መርዝ ያልፋል፣ ትንሽ አየር ከበዛ ሌላው ያልፋል። ይህን ልክ በየሰኮንዱ የሚጠብቅ ካርቡሬተር የለም። የሚጠብቅ መካኒክም የለም።

ስለዚህ መካኒኩን መኪናው ውስጥ ማስገባት አስፈለገ። ጆሮው የተሰራው በጀርመን ነው። ቦሽ ያመረተው የላምዳ ሴንሰር በ1976 ለመጀመሪያ ጊዜ በቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጠመ። ጭሱ ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚቀምስ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው። የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ነዳጅ በዝቷል»፣ «ነዳጅ አንሷል»። ኮምፒውተሩ ይሰማል፣ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፣ እንደገና ይሰማል። ካቻቢቴው ከመካኒኩ እጅ ወጣ።

128 የምትባል ቁጥር

እስካሁን ግን ይህ መማር አይደለም። ይህ ማረም ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ስህተቱን አርሞ ይረሳል፣ በሚቀጥለው ዳገት ያንኑ ስህተት ይሰራል፣ እንደገና ያርማል። የሚማር ነገር ትውስታ ያስፈልገዋል።

ትውስታው በ1980ዎቹ መጣ። ጄኔራል ሞተርስ ያደረገው ለእኔ፣ ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው፣ እስከዛሬ የሚያምር ነው። ሁለት ቁጥር አስቀመጡ። ሁለቱም በአንድ ባይት የሚጻፉ፣ ከ0 እስከ 255 የሚሄዱ ናቸው። 128 መሐል ናት፤ «ምንም ማስተካከያ አያስፈልግም» ማለት ናት። የመጀመሪያው ቁጥር ፈጣን ነው፤ ሴንሰሩ በተናገረ ቁጥር ከ128 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሮጣል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው፤ ፈጣኑን ይታዘበዋል። ፈጣኑ ለረጅም ጊዜ ከ128 በላይ ከቆየ፣ ዘገምተኛው «ይህ ያጋጣሚ ነገር አይደለም» ብሎ ራሱ ከፍ ይላል፣ ፈጣኑም ወደ 128 ይመለሳል። ዘገምተኛው ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ አይደለም። በሞተሩ ፍጥነትና በተጫነበት ሸክም የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ነው፤ ለዝግታ አንድ ቁጥር፣ ለአውራ ጎዳና ሌላ ቁጥር።

መማር የተባለው ይህ ነው። ሌላ ምንም የለም። ባትሪው ሲነቀል የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ሁሉንም ይረሳና ከ128 ይጀምራል። በ1996 አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት የምርመራ ሶኬት እንዲኖራቸው ሲታዘዝ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በመቶኛ ተቀይረው ለማንም መካኒክ የሚነበቡ ሆኑ። ዛሬ በርካሽ ማንበቢያ ስልካችሁ ላይ ታዩዋቸዋላችሁ፦ የአጭር ጊዜና የረጅም ጊዜ ማስተካከያ።

አሁን ወደ ጅቡቲው መንገድ እንመለስ፤ ኮምፒውተር ያለው ሞተር እንዴት እንደሚወጣው ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገባልና። ዘመናዊ ሞተር ከፍታውን አይማረውም፤ ይለካዋል። የአየሩን ግፊት ወይም ክብደት የሚያነብ ሴንሰር አለው፣ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚማረው በቀጥታ መለካት የማይችለውን ነው፦ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ ያረጀና መዋሸት የጀመረ ሴንሰር። በሌላ አነጋገር የሚለምደው የመኪናውን እርጅና ነው እንጂ የሹፌሩን ፀባይ አይደለም። ስትቆጡ ቤንዚን መስጫውን የምትረግጡ መሆናችሁን የሚመዘግብ ቦታ በዚያ ሠንጠረዥ ውስጥ የለም። አነዳዳችሁ የሚወስነው የትኛው የሠንጠረዡ ክፍል ቶሎ እንደሚሞላ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው መኪና ስለ አውራ ጎዳና የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ሹፌሩን በትንሹም ቢሆን የሚያየው ካምቢዮው ነው። በ1990 አካባቢ የፖርሸ ቲፕትሮኒክ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ሹፌሩ ፔዳሉን እንዴት እንደሚረግጥ እያየ ከተዘጋጁለት የማርሽ ቅያሪ እቅዶች አንዱን ይመርጥ ነበር። ይህም ቢሆን መምረጥ ነው፤ እቅዶቹን የጻፈው ኢንጂነር ነው። ከ2001 ሞዴል ጀምሮ በጄኔራል ሞተርስ ከባድ ፒክአፖች ላይ የገባው የአሊሰን ካምቢዮ ደግሞ እያንዳንዱን የማርሽ ቅያሪ እየለካ የዘይቱን ግፊት ያስተካክላል። አዲስ ሲሆን ወይም ትውስታው ሲሰረዝ በትልልቅ እርምጃ ይማራል፣ ሲረጋጋ በትንንሽ። ስለዚህ ከቲዩኒንግ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው መንገጫገጭና በኋላ የሚመጣው ልስላሴ እውነት ነው። ካምቢዮው ግን የለመደው የራሱን ፍሪሲዮኖች ነው።

ትናንት የጨመርከውን ዛሬ ይቀንሳል

የቀድሞዎቹ ቲዩነሮች ይህን በከባዱ ነው የተማሩት። በ1980ዎቹ ቲዩኒንግ ማለት የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፍቶ የፕሮግራሙን ቺፕ በሌላ ቺፕ መተካት ነበር። አንድ ሰው በመደበኛ አነዳድ ላይ ነዳጅ ለመጨመር ሠንጠረዡ ላይ ቁጥር ከፍ አደረገ እንበል። በመጀመሪያው ቀን ለውጡ ይሰማል። ነገር ግን የላምዳ ሴንሰሩ እዚያው ነው፤ ዒላማውም ያው 14.7 ነው። ሴንሰሩ «ነዳጅ በዝቷል» ይላል፣ ፈጣኑ ቁጥር ይወርዳል፣ ዘገምተኛው ይከተለዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ የተጨመረው ነዳጅ በሙሉ ተቀንሷል። «ጉልበቱ ጠፋ» የሚለው ሮሮ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ባለቤቱን አልጠላም። ቲዩነሩን እንደ ቆሸሸ ኢንጀክተር ቆጥሮ አረመው እንጂ።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል። መማር ማለት ከዒላማው ያለውን ርቀት ማጥበብ ነው። ዒላማውን የሚመርጠው ግን የሚማረው ማሽን አይደለም። ዒላማው 14.7 የሆነው ማሽኑ ስለወደደው ሳይሆን ሎስ አንጀለስ ስለሳለች ነው። ዒላማውን የያዘ ሰው መማሩንም ይይዘዋል። ቲዩነሮቹ ይህን ሲረዱ ነዳጁን መቀየር ትተው ዒላማውን መቀየር ጀመሩ። ከእነሱ በፊት ግን ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ደርሰውበት ነበር።

ሃያ ደቂቃ

የናፍጣ መኪና ወደ ኮምፒውተር የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1987 ዲትሮይት ዲዝል ያወጣው ሲሪስ 60 የኤሌክትሮኒክ ቁጥጥርን ለሁሉም እንደ መደበኛ ይዞ የመጣ የመጀመሪያው የከባድ መኪና ሞተር ነው። የናፍጣ ኮምፒውተርም የራሱ ትምህርት አለው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚፋጠን ይለካል፤ ደካማው ሲሊንደር ላይ ጠብታ ይጨምራል፣ ከጠንካራው ይቀንሳል። ፖምፓው የማያውቀውን ሁሉ ያውቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ናፍጣው መቼ እንደሚረጭ ይወስናል። ቀደም ብሎ ከተረጨ ነዳጅ ይቆጠባል፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ግን ይጨምራል። ዘግይቶ ከተረጨ ተቃራኒው ነው። የጭነት ሥራ ትርፍ በነዳጅ የሚለካ በመሆኑ ፈተናው ከባድ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የከባድ ሞተሮችን ብክለት የሚለካው በላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ በሚል የሃያ ደቂቃ ፈተና። አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ተሳቢ ግን ለሰዓታት በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱ ረግቶ መቆየቱን ካየ «ይህ ፈተና አይደለም፣ ይህ መንገድ ነው» ማለት ይችላል። መንግሥት በ1998 ያቀረበው ክስ ይህንኑ ነበር፦ ሞተሮቹ በአውራ ጎዳና ላይ ሲረጉ የመርጫውን ሰዓት ወደ ቆጣቢው ያዛውራሉ፣ ብክለቱም ከተፈቀደው እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ካተርፒላር፣ ከሚንስ፣ ዲትሮይት ዲዝል፣ ማክ፣ ናቪስታር፣ ሬኖ እና ቮልቮ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። ጉዳዩ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሞተሮችን ይመለከታል። ቅጣቱ ወደ 83 ሚሊዮን ዶላር፣ ጠቅላላ ወጪው ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። የአነዳድ ልማድን በእውነት አጥንቶ ጠባዩን የሚቀይር የሞተር ኮምፒውተር ይኸውላችሁ። ሹፌሩን ግን ያጠናው እንዲያገለግለው ብቻ አልነበረም፤ ፈታኙን ከሹፌሩ ለመለየትም ጭምር ነው።

ከዚያ የመጣውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በሴፕቴምበር 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የቮልስዋገንን ጉዳይ ይፋ አደረገ። ሶፍትዌሩ እንደ መሪው አቀማመጥና ፍጥነቱ ያሉ ምልክቶችን እያየ ፈተና ላይ መሆኑን ይለይ ነበር፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ ተገኘ። ነገሩን ያስጀመረው የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መኪናውን ከላቦራቶሪ አውጥተው መንገድ ላይ መለካታቸው ነው። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ከሚንስ ወደ 630,000 በሚሆኑ የራም 2500 እና 3500 ፒክአፖች ሞተር ጉዳይ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ፤ ኩባንያው ጥፋት መፈጸሙን ግን አላመነም።

ባለቤቱስ?

በዚህ ሁሉ መሐል ባለቤቱ አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ቺፕ መንቀል ቀረ፤ ፕሮግራሙን በምርመራው ሶኬት በኩል መገልበጥ ተቻለ። ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ የናፍጣ መኪኖች የጥላሸት ማጣሪያ ይዘው መጡ፣ በ2010 ደግሞ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ገደቡ በጣም ጠበቀ። ማጣሪያው ሲሞላ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ጨምሮ ያግለዋል፣ ጥላሸቱን ያቃጥላል። መቼ እንደሚያቃጥል የሚወስነው በግፊት መለኪያና በግምት ነው፤ ግምቱም ከአነዳዱ ጋር ይሄዳል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ማጣሪያው በራሱ ሙቀት ይጸዳል። አጭር አጭር የሚሄድ፣ ቆሞ ሞተሩ የሚሰራ መኪና ቶሎ ይሞላበታል። ሲበላሽም ጥገናው ውድ ነው፤ መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን ደግሞ ገቢ የሌለበት ቀን ነው።

በዚህ የተማረሩ ብዙዎች አንድ መፍትሔ መረጡ፦ ማጣሪያውን ቆርጦ ማውጣት፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ «ማጣሪያ የለም» ብሎ ማሳመን። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በ2020 ባወጣው ግምት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒክአፖች እንዲህ ተደርገዋል፤ የሚለቁት ተጨማሪ ብክለት በመንገዱ ላይ 9 ሚሊዮን ፒክአፖች እንደመጨመር ነው ብሏል።

የባለቤቶቹ ክርክር ግን ባዶ አይደለም። «የገዛሁት መኪና ውስጥ ያለው ኮድ የእኔ አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በ2015 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የቅጂ መብት ሕጉ ላይ ልዩ ፈቃድ ሰጥተው፣ ባለቤቶች ለጥገናና ለሕጋዊ ማሻሻያ የመኪናቸውን ሶፍትዌር መክፈት እንዲችሉ አደረጉ። ገበሬው ትራክተሩን፣ ሹፌሩ መኪናውን። እኔ ይህን መብት እደግፋለሁ። በተዘጋ ኮድ ውስጥ ምን እንደሚደበቅ 1998 እና 2015 አሳይተውናል። ሆኖም ያ ፈቃድ የንጹሕ አየሩን ሕግ አልሻረም፣ መሻርም አልነበረበትም። ኮዱ የእኔ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ግን እኔ ብቻ አልተነፍሰውም።

ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ይለምድሃል» ሲባል የሚጠቅመው ጥያቄ «በስንት ቀን?» አይደለም። የተጫነው ፕሮግራም የትኞቹን ዒላማዎች ቀይሯል? ላምዳውን ይሰማል ወይስ ጆሮውን ተደፍኗል? ማጣሪያውን ያውቃል ወይስ «የለም» ተብሏል? የረጅም ጊዜ ማስተካከያው ከሳምንት በኋላ ስንት ላይ ቆመ? ጥሩ ቲዩነር እነዚህን በቁጥር ይመልሳል። መመለስ ካልቻለ፣ ወይም «አይ፣ ዝም ብለህ ንዳው» ካለ፣ ኮምፒውተሩ መማሩን አያቆምም። በታማኝነት፣ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር፣ ማንም ወዳላሳያችሁ ዒላማ እየተጠጋ ይሄዳል።